ጋሽ አለች እና የምድር ቤቷ ሴትዮ

በየትኛውም ሰፈር ፊልም የሚያስረዳ አንድ ሰው አይታጣም። ሐኪም የሌለው ሰፈር አለ። መብራት የሌለው ሰፈር ሞልቷል። ፊልም አስረጂ የሌለው ሰፈር ግን ገና አልተቆረቆረም። ይህ ሰው ቴሌቪዥን ሲያይ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ወደ ጎን ነው። አንድ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ተመልካቹ ላይ። ተዋናዩ ገና እጀታውን ሳይነካ «አሁን ይከፍተዋል» ይላል። በሩ ከተከፈተ «አላልኳችሁም?» ብሎ እግሩን ያነባብራል። ካልተከፈተ ደግሞ «ይሄን ቦታ ቆርጠውታል» ብሎ ጣጣውን ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ይመልሳል። እሱ ተሳስቶ አያውቅም። የሚሳሳተው ፊልሙ ነው።

የዚህ ወገን ሊቀ ሊቃውንት፣ ባለ ማዕረጉ፣ ክቡር ጋሽ አለች ናቸው።

ይህ ስም መታወቂያቸው ላይ የለም። ያወጡላቸው የግቢው ልጆች ናቸው፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር ጉሮሯቸውን ጠርገው «አለች እንግዲህ…» ብለው ስለሚጀምሩ። ስሙ ከልጆቹ አፍ ወደ እናቶቹ፣ ከእናቶቹ ወደ ገበያው ተሻገረ። በመጨረሻ «ለጋሽ አለች እና ለባለቤታቸው» ተብሎ የተጻፈ የሰርግ ጥሪ ቤት ድረስ ሲመጣ፣ ባለቤታቸው ሳትስቅ ተቀበለችው። ያን ቀን ስሙ ጸደቀ።

ሙያቸው ፀጉር ማስተካከል ነው። ፀጉር ቤታቸው ውስጥ አንድ ረጅም መስታወትና ሁለት ወንበር አለ፤ አንደኛው ለፀጉር፣ ሁለተኛው ለወሬ። በሁለተኛው ላይ የሚቀመጠው ወይ ተስተካክሎ ያልሄደ ነው፣ ወይ የሚስተካከል ፀጉር ያልቀረው። ጋሽ አለች ቶንዶሱን ጆሮ ግንድ ላይ አስጠግተው ስለ ኩላሊት ጠጠር፣ ስለ መርከብ አሠራር፣ ስለ ጎረቤት ፍቺ ይጠየቃሉ፤ ለሁሉም መልስ አላቸው። «አላውቅም» የምትባለው ቃል በዚያ ቤት ተሰምታ አታውቅም። «ፀጉር ቤት ገብቶ አላውቅም የተባለ ደንበኛ፣ ፀጉሩ እስከ ወገቡ ቢወርድ አይመለስም» ይላሉ።

እንግዲህ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ጠባይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው፣ ዛሬ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት ሰዎች ራሳቸው ጥርስ በሚነቅሉበት ዘመን ነው። በሰፊው ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ ቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥኑ የጋሽ አለች ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጀርባው እንደ ነፍሰ ጡር የተነፋ፣ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ የሚሸት። ባለቤታቸው በጥልፍ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። ጨርቁ ሲነሳ ወለሉ ላይ የተኮለኮሉት ልጆች ሁሉ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዜና በኋላ፣ «ምድር ቤት» የሚባል ከባዕድ አገር የመጣ አስፈሪ ተከታታይ ፊልም ይታያል። ፀጉሯ ሁልጊዜ ውሃ የሚያንጠባጥብ ነጭ የለበሰች ሴትዮ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ወጥታ በየፎቁ ትዞራለች፤ ያንኳኳችበት ቤት በማግስቱ ሰው አይገኝበትም። ልጆቹ «እርጥቧ» ይሏታል። በዚያ ዘመን ከሥር የሚጻፍ ትርጉም የለም። እርጥቧ በራሷ ቋንቋ ታንሾካሹካለች፤ ግቢው በራሱ ቋንቋ ይንቀጠቀጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ልጅ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ አለች የዚያን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። እንኳን ቋንቋውን፣ የሚነገርበትን አገር ካርታ ላይ አሳዩ ቢባሉ ጣታቸውን ባሕር ላይ ያሳርፋሉ። ግን የቤቱ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ሆነ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አለች እንግዲህ… ‹እግሩን ሳይታጠብ የተኛ ማን ነው?› አለች።»

በዚያ ምሽት ቧንቧው ዘንድ የተሰለፈው ልጅ፣ ጠፍቶ የሰነበተ ውሃ በመጣ ቀን እንኳ ታይቶ አይታወቅም።

እናቶች ሞኞች አይደሉም። በማግስቱ ጠዋት አንዷ ወደ ፀጉር ቤቱ ብቅ አለች፤ የሚስተካከል ራስ ይዛ ሳይሆን ጉዳይ ይዛ።

«ጋሼ፣ ያች ሴትዮ የፊታችን ሳምንት ስለ ጥርስ መፋቅ አንድ ነገር ብትል ምን ይመስልሃል?»

«ፊልሙ ውስጥ ከተነገረ ለምን አልተረጉመውም?» አሉ ጋሽ አለች፣ በሙያቸው ቆፍጠን ብለው።

«ይነገር ይሆናል እኮ ነው የምልህ።»

ተነገረ። ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱ የአቤቱታ መቀበያ ቢሮ ሆነ። አንዷ ልጄ ቲማቲም አልበላም አለ ብላ ትመጣለች፤ እርጥቧ በሳምንቱ ስለ ቲማቲም ታንሾካሹካለች። ሌላዋ ልጄን ማባዛት አስቸገራት ትላለች፤ እርጥቧ ከምድር ቤት ወጥታ፣ ውሃዋን እያንጠባጠበች፣ «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ያን ዕለት አንድ ልጅ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ «ሃምሳ ስድስት!» ብሎ የጮኸው ጩኸት እስከ መንገዱ ተሰምቷል። የዓለም ጭራቆች ሁሉ ልጅ ይበላሉ፤ ይህችኛዋ ልጅ ታሳድጋለች።

የትርጉሙ ጥበብ ራሱ ጉድ ነበር። እርጥቧ አንዲት አጭር ቃል ተንፍሳ ዝም ስትል፣ ጋሽ አለች ያችኑ ቃል ዘርዝረው ስለ ወላጅ ክብር፣ ስለ ደብተር አያያዝና የሽንት ቤት በር ስለ መዝጋት ያስረዳሉ። «በአንድ ቃል ይሄን ሁሉ?» የሚል ደፋር ከተገኘ፣ «ቋንቋው እጥር ምጥን ያለ ነው» ብለው ያስቀምጡታል። በሌላ ቀን ሴትዮዋ ትንፋሽ እስኪያጥራት ስትለፈልፍ ቆይታ፣ ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ሲጠብቁ፣ ጋሽ አለች ሻያቸውን ፉት ይሉና «እምቢ አለች» ይላሉ። አለቀ።

ባለቤታቸው ይህን ሁሉ ከጓዳው በር ተደግፋ ትሰማለች። ሁሉም ከሄደ በኋላ ጨርቁን ቴሌቪዥኑ ላይ እየመለሰች «አንተ ሰውዬ፣ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ትላቸዋለች። ባለሙያ ናቸውና የተባለላቸው የራስ መመለጡ ሳይሆን የአፍ ማምለጡ እንደሆነ ይገባቸዋል። ግን በሳምንቱ ያው ናቸው።

ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ አንድ ቀን ብቻ ያለ ትእዛዝ ተርጉመዋል።

በግቢው መግቢያ ካለችው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት የምትተኩስ ሴት ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። በዚያ ሳምንት አባትየው ሻንጣውን ይዞ እንደወጣ አልተመለሰም። ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። ልጁ ግን ቀን ቀን እንደ ሌላው ሲጫወት ይውልና ሲመሽ ያለቅሳል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማል። በፊልሙ ቀን እንደ ልማዱ መጥቶ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ሥር ተቀመጠ። ዓይኑ አብጧል።

በዚያ ምሽት እርጥቧ አንድ በር ላይ ቆመች። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ጆሮዋን በሩ ላይ አሳረፈች፤ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ስክሪኑ ጠቆረና ክፍሉ አለቀ። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። ጋሽ አለች ግን የሚያዩት አንዱን ብቻ ነበር። ልጁ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነበር፤ ድምፁ እንዳይወጣ።

«አለች እንግዲህ…» አሉ ጋሽ አለች፣ ቀስ ብለው፣ «‹ልጅ ያለቀሰበት ቤት አልገባም› አለች። ‹እዚህ ቤት ያለው ሐዘን ይበቃዋል› ብላ ተመለሰች።»

ልጁ እጁን ከአፉ አወረደ።

ዘመን ሄደ። ግቢው ፈርሶ በላዩ ፎቅ ቆመ፤ ጋሽ አለችና ባለቤታቸው ሦስተኛው ወለል ላይ ቤት አገኙ። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ተበተኑ። አንዱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። ያ የመግቢያው ልጅ ደግሞ ጠበቃ ሆነ፤ ውጭ አገር ሄዶ ተምሮ መጣ። የት አገር እንደተማረ ጋሽ አለች ጠይቀውት አያውቁም። አንዳንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቢያድር ይሻላል።

ሹፌሩ ግን ነካክቷቸው ያውቃል። አንድ ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ ፊልሙ ከመጣበት አገር የሆኑ ቱሪስቶች ሲሳፈሩ፣ ከልጅነቱ የቀረችውን አንዲት ቃል በደስታ ወረወረላቸው፤ እርጥቧ ሁልጊዜ በሩን ስታንኳኳ የምትላትን፣ ጋሽ አለች «መልካም ምሽት» ብለው የተረጎሟትን። ቱሪስቶቹ ተያዩ። ሻንጣቸውን አቀፉ። በቀጣዩ ፌርማታ ሁሉም ወረዱ፤ መውረጃቸው ግን እዚያ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት መልካም ምሽት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው በሳምንቱ።

«አነጋገርህ ነው» አሉት። «ያች ቃል በለሆሳስ ነው የምትባለው። መሪ ይዘህ ስትጮህባቸው ምን ያድርጉ!»

እንዲህ እንዲህ እያሉ በሰላም ኖሩ። በሰላም ያርጁ ነበር፣ አንድ ቀን ባለቤታቸው ዜና እየጠበቀች ሳለ ማስታወቂያው ባይመጣ። ውሃ ተንጠባጠበ። ነጭ ቀሚስ ታየ። አንድ ጎርናና ድምፅ፦

«ምድር ቤት! እንደገና ተከፈተ። በአዲስ መልክ፣ በቀለም፣ አሁን ደግሞ በቋንቋችን!»

ጋሽ አለች የያዙትን የሻይ ብርጭቆ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። በቀለም ቢሆን ግድ የላቸውም። በአዲስ መልክም ቢሆን ግድ የላቸውም። በቋንቋችን!

«እንግዲህ» አለች ባለቤታቸው፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ዘመቻ ተከፈተ። ጋሽ አለች ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ ጠየቀም አልጠየቀ፣ አዲሱ ፊልም ከንቱ እንደሚሆን ማስረዳት ጀመሩ። «ፍርሃት በቀለም አይሆንም፤ ጨለማ መቼ ቀለም ኖሮት ያውቃል?» አሉ ለአንዱ። «ያሁኗ ሴትዮ ጥርሷ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ በኮምፒውተር ጥርስ የተነከሰ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ ለሌላው። ዋናውን ግን ለሁሉም ይደግሙታል፦ «የወሰዱት ስሙን ብቻ ነው። ታሪኩን ቀይረውታል። ንግግሩንማ ፈጽሞ!»

ሰዎቹ ሳቁባቸው። «ያው የሽማግሌ ነገር፣ የድሮው ሁሉ ይሻላል» አሉ። ጋሽ አለችም ስሙን በደስታ ተቀበሉ። ሽማግሌ መባል ከሌላው ስም ይሻል ነበር።

የባሰው የመጣው ጠበቃው ሊስተካከል የመጣ ቀን ነው። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት፣ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለላቸው።

«ጋሼ፣ ተስማምተናል። የድሮው ግቢ ልጆች ሁላችንም የመጀመሪያውን ክፍል እርስዎ ቤት ነው የምናየው።»

«እኔ ቤት? እያንዳንድሽ ስልክሽ ላይ አታዪም እንዴ? የዛሬ ልጅ በየኪሱ ቴሌቪዥን አለው።»

«በኪስ የታየ ያስፈራል ጋሼ? ያለ እርስዎማ አናይም።» አለና ቀጠለ። «ያ ልጅ የሚያለቅስበት ክፍል ይኖር ይሆን? ‹ልጅ ያለቀሰበት ቤት አልገባም› ያለችበት። እኔ ከዚያ ፊልም የቀረኝ እሱ ነው። ያን ሳምንት እንዴት እንዳደርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።»

ጋሽ አለች ምላጩን ከአንገቱ አነሱ።

እስከዚያች ደቂቃ የፈሩት ለራሳቸው ነበር። ቀጣፊ ሊባሉ፣ ቅጽል ስማቸው ሊቀየር፣ የሁለተኛው ወንበር ሰዎች እስኪያንቃቸው ሊስቁባቸው። ይህ ሁሉ ይቻላል፤ ፀጉር አስተካካይ ስቆም ተስቆበትም ይኖራል። ይህ ልጅ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎባት አድጓል። አሁን በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው ሶፋ፣ ጥርት ባለ ቋንቋ ሊገፈፍ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጋሽ አለች ከጠዋት ጀምሮ መውጫ ፈለጉ። መጀመሪያ የሚታመም ዘመድ አፈላለጉ፤ ደዋውለው የጠየቋቸው ዘመዶች ሁሉ እግዜር ይመስገን ደህና ሆነው ተገኙ፤ ያውም እነሱም ምድር ቤትን ሊያዩ ተዘጋጅተዋል። ቀጥለው ቴሌቪዥኑ ተበላሸ አሉ። ባለቤታቸው ከግድግዳው የተነቀለውን ሶኬት መለሰችና «ዳነ» አለቻቸው። አመሻሹ ላይ ራስ ምታት ያዛቸው። እሱንም በአንድ ክኒን አስታገሰችው።

«ምነው ብታዝኚልኝ?» አሏት።

«አዝንልሃለሁ እኮ። ሆዴ ግን ስለ እሷ ጓጉቷል፤ ያች ሴትዮ ስንት ዓመት እኔ ቤት ስታወራ ኖራ ምን ስትል እንደነበር አልሰማሁም።»

መጡ። ሹፌሩ በዩኒፎርሙ፣ ጠበቃው ከረባቱን ፈትቶ፣ ሌሎችም ፍራፍሬና ብስኩት ይዘው። ባለቤታቸው ከጎረቤት ሳይቀር ወንበር ለቅማ ደርድራለች። ማንም አልተቀመጠበትም። እነዚያ ቦርጭ ያወጡ፣ ሽበት የጣለባቸው፣ ወገብ የሚያማቸው ሰዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ተኮለኮሉ። ሹፌሩ ጉልበቱ ሲንቋቋ «ይሄ ጉልበት ያኔ ድምፅ አልነበረውም» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ጠበቃው ዞር ዞር ብሎ አየና ሄዶ በሩ ሥር ተቀመጠ።

ጋሽ አለች ወደ ጎን በሚያየው ወንበራቸው ላይ ሆነው ይህን አዩ። ወለሉ ተለውጧል፤ ሲሚንቶ የነበረው ሴራሚክ ሆኗል። ቴሌቪዥኑም ሆዱን አጥቶ እንደ መስኮት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጆቹ ግን፣ ከኋላ ሲታዩ፣ ያው የድሮዎቹ አንገቶች ናቸው። እያንዳንዱን ማጅራት ያውቁታል፤ የመጀመሪያ ፀጉራቸውን የላጩት እሳቸው ናቸው። ለማን ብለው እንደፈሩ ለአፍታ ረሱት።

ፊልሙ ጀመረ። እርጥቧ ከምድር ቤት ወጣች። ቆንጅታለች። አንድ በር ላይ ቆመች፤ አንኳኳች፤ አፏን ከፈተች፤

«ማንም አይተርፍም» አለች፣ ልቅም ባለ አማርኛ።

«ቆይ» አለ ሹፌሩ። «ይሄ ቦታ እኮ እግራችሁን ታጠባችሁ ወይ የምትልበት ነው።»

«ቀይረውታል ብያለሁ» አሉ ጋሽ አለች በፍጥነት።

ወደ ሁለተኛው በር ሄደች። «ሞታችሁ ደርሷል» አለች።

«ይሄ ደግሞ የቲማቲሙ ነበር!» አለች አንዷ። «በዚህች ሴትዮ የተነሳ እኮ ነው እስከ ዛሬ ቲማቲም የምበላው!»

ሳቅ ሆነ፤ ግን ሳቁ መሃል ሹፌሩ አልሳቀም። ጋሽ አለችን አሻግሮ እያየ ነው። አውቶቡሱ ትዝ ብሎታል።

ከዚያ ሦስተኛው በር መጣ። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ጠበቃው ከተደገፈበት ቀና አለ። ጋሽ አለች ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በዕድሜያቸው ሙሉ አስፈሪ ፊልም ሲያዩ ዓይናቸውን የጨፈኑት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ ነው መንገድ የሚመራኝ» አለች እርጥቧ። በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ልቅሶው ተቋረጠ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ።

ሁሉም ያቺን ክፍል ያስታውሳታል፤ የማን ክፍል እንደነበረችም ሁሉም ያውቃል። ወደ በሩ ሥር ማየት አፍረው ወደ ጋሽ አለች ዞሩ።

«ጋሼ» አለ ሹፌሩ፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በምር፣ «አታለሉን እንዴ?»

ጋሽ አለች አፋቸውን ከፈቱ። ለኩላሊት ጠጠር፣ ለመርከብ፣ ለጎረቤት ፍቺ መልስ ያላጣው አፍ ደረቀ።

«ለምን እንከራከራለን?» አለ ሹፌሩ ወደ ጠበቃው ዞሮ። «አንተ እዚያው አገር አይደል የተማርከው? ቋንቋውን ከባለቤቶቹ እኩል ትናገረዋለህ። ድሮ ያለችው የቱን ነው? ፍረደን!»

እንግዲህ የተማረው እዚያው ኖሯል። ጋሽ አለች ወንበራቸው ውስጥ ሰመጡ። ባለቤታቸው ከኩሽናው በር የያዘችውን ትሪ እንደያዘች ቀረች።

ጠበቃው ፍርድ ቤት እንደሚያደርገው ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ሸሚዙን አስተካከለ። ፊቱ ምንም አይነበብበትም።

«የድሮውን በራሱ ቋንቋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ» አለ። «የጋሼ ትርጉም ትክክል ነው። አንዲት ቃል አልተዛነፈችም። የተሳሳቱት የዛሬዎቹ ናቸው።»

«የቲማቲሙም?»

«የቲማቲሙም።»

«መልካም ምሽቱስ?» አለ ሹፌሩ።

«እሱ አነጋገርህ ነው» አለ ጠበቃው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! የቴሌቪዥን ጣቢያውን ተርጓሚ ወለሉ ላይ አስተኝተው ወቀጡት። ሰው እንዴት የማያውቀውን ቋንቋ ተረጎምኩ ይላል? ድፍረት አይደለም? አንዷ ደብዳቤ እንጻፍላቸው አለች። ሹፌሩ ድምፁን በሪሞቱ አጠፋውና የቀረውን ክፍል በዝምታ እያዩ፣ የትኛዋ እናት ለየትኛው ልጅ ምን አስብላ እንደነበር ሲጠረጥሩ፣ ሲወራረዱ አመሹ። ስለ እናቶቹ ማወቃቸው ጋሽ አለችን አስደነገጣቸው፤ ቆይተው ግን ነገሩ ገባቸው። እነዚህ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ቲማቲም የማይበላ ልጅ አላቸው።

እንግዶቹ ሲበተኑ ጋሽ አለች ጠበቃውን እስከ ደረጃው ሸኙት። የመተላለፊያው አምፖል ደብዛዛ ነው። ሁለቱም መውረዱን አልጀመሩትም።

«እኔ…» አሉ ጋሽ አለች።

«ቋንቋውን የተማርኩት ለእርጥቧ ብዬ ነው» አለ ጠበቃው፣ ሳያስጨርሳቸው። «በገባኝ ቀን መጀመሪያ ፈልጌ ያየሁት ያቺን ክፍል ነው። ያኔም ያለችው የዛሬውን ነው፣ ጋሼ። ያንኑ ነው ቃል በቃል።»

ጋሽ አለች የደረጃውን ብረት ያዙ።

«ብዙ ተቀየምኩዎት። ከዚያ ‹እናቴ ናት ያስባለችው› ብዬ ተውኩት። አሁን እሷ የለችም፣ ልጠይቃት አልችልም። እሷ ነበረች?»

ጋሽ አለች ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው መልሱን አልተቻኮሉበትም። አዎ ቢሉት ለልጁ ደስ ይለው ይሆናል። ግን የዚያች ደግ ሴት ፊት ትዝ አላቸው፤ ከነተኮሰችው ልብስ ሽታ።

«እናትህ ያን ሳምንት ያዘዘችኝ ሌላ ነበር» አሉ። «ጫማህን በር ላይ አውልቀህ እንድትገባ ንገርልኝ ነው ያለችኝ። በሳምንቱ እልላታለሁ ብዬ አሳደርኩት። ያን ቀን… አንተን አየሁህ። በቃ። ሌላ የለውም።»

ጠበቃው ወደ ደረጃው አየ። ከዚያ ወደ ጫማው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አምፖሉ አይለይም።

«እንኳንም ቋንቋውን አላወቁት፣ ጋሼ» አለ። ጉንጫቸውን ስሞ ወረደ።

ጋሽ አለች የእግሩ ኮቴ ከታች እስኪጠፋ ቆመው ሰሙና ገቡ። ባለቤታቸው ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር።

«ምን አለህ?»

«ትርጉምህ ልክ ነው አለኝ።»

«ቋንቋውን ትችላለህ ማለት ነዋ!»

ጋሽ አለች ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

«ጥቂት ጥቂት» አሉ።